ማሲንቆ የሸፈነው ስም

ከነቀምቴ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ደብረ ብርሃን ያሉ ጎረቤቶቼ «ወለጋ እንዴት ነው?» ባሉኝ ቁጥር ስለ ማንጎው፣ ስለ ዝናቡና ስለ መንገዱ ርዝመት ነግሬ እሸኛቸዋለሁ። የሄድኩበትን ጉዳይ ግን ለባለቤቴም በግማሹ ነው የነገርኳት። ወደዚያ አገር መቼም የማትሄዱ ብዙዎች እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ ለእናንተ ሙሉውን ልጻፈው። አስቀድሜ ግን ጥፋቴን ልናገር፤ አለዚያ ያን ሁሉ መንገድ ለምን እንደሄድኩ አይገባችሁም።

የድምፅ ሰው ነበርኩ። ፊልም ሲቀረጽ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ፣ ማይክ የታሰረበት ረጅም ዘንግ ይዤ ከካሜራው ጥግ የምቆመው እኔ ነኝ። ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ግራ ጆሮዬም ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ነቀምቴ ላይ ስለ አገር ቤት ዘፋኞች አንድ ፊልም ሠራን። ዋና ተዋናይ የሚባል የለውም። ከጊምቢ፣ ከሻምቡ፣ ከአርጆ የመጡ ሃያ ያህል ዘፋኞችና ማሲንቆ መቺዎች ለአንድ መድረክ ለመመረጥ አምስት ቀን ከተማው ውስጥ ይሰነብታሉ፤ ይዋደዳሉ፣ ይቀናናሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። በአምስተኛው ቀን የሁሉም ታላቅ የሆነው ሽማግሌ ዘፋኝ መንገድ ላይ ይሞታል፤ መድረኩም ለቅሶ ይሆናል። ታሪኩ ይኸው ነው። ፊልሙ እስከ ዛሬ ይወደዳል፤ ዘፈኖቹን የማያውቅ የወለጋ ሰው አላጋጠመኝም።

ለዚያ ለቅሶ አልቃሽ ፈልገን እማማ የሺን ከአንገር ጉቲን አመጣን። በድርቁ ዘመን ከወሎ በሰፈራ የመጡ፣ በአካባቢው ሙሾ በማውረድ የሚታወቁ ሴት ናቸው። በቀረጻው ቀን ሬሳ የሆነውን ተዋናይ አዩና «በሕይወት ላለ ሰው ሙሾ አላወርድም፤ ሟርት ነው» ብለው ቁጭ አሉ። ሬሳው አንድ ዓይኑን ገልጦ «ግድ የለም እናቴ፣ እኔ ይቅር ብያለሁ» ሲላቸው ደግሞ ጭራሽ ጀርባቸውን አዞሩ። ዳይሬክተሩ ፀሐይ ልትጠልቅበት ሆነና «ለፈለጉት ሰው ያልቅሱ፣ ብቻ ያልቅሱ!» አላቸው። ብዙ ቆይተው ተነሡ። አለቀሱም።

ያለቀሱት ለልጃቸው ነበር። አንጓች ትባላለች፤ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከወሎ ሲመጡ ጭነት መኪናው ላይ ታማ ሞተች። ወንዶች መንገድ ዳር ጫር ጫር አድርገው ቀበሯት፤ አጃቢዎቹ «መኪናው ይቸኩላል» ብለው እናቲቱን ደግፈው ጫኗቸው። ለቅሶ አልተቀመጡም። ጉቲን ሲደርሱ ሁሉም የየራሱ ሬሳ ነበረው፤ ማን ማንን ያጽናና? እንዲህ ሆኖ አንጓች ሳይለቀስላት ቀረች። ይህን የነገሩን ቀረጻው ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያ ወደ እኔ መጥተው ማዳመጫውን በጣታቸው ነካ አደረጉና «ስሟን ያዝክልኝ?» አሉኝ። «ይዤዋለሁ እማማ» አልኳቸው።

ከዚያ ምን አደረግኩ? ዳይሬክተሩ «የሞተው ሽማግሌ ነው፤ የሕፃን ስም ምን ይሠራል?» አለ። እውነቱን ነው፣ ለፊልሙ አይሆንም። ስሟ በተጠራበት ቦታ ሁሉ የማሲንቆ ድምፅ አለበስኩበት። ማሲንቆውን የመታው ገለታ የሚባል የነቀምቴ ወጣት ነበር፤ በሁለት እስትንፋስ የምታልቅ አጭር ዜማ። እንዴት አድርጌ እንዳዋሃድኳት! ስፌቱ አይታይም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ እኔ ግን ወግቼም አልረሳሁም፣ ምክንያቱም ያቺ ዜማ ከፊልሙ ሁሉ በልጣ ተወደደች። ሰው ቤቱን ሲጠርግ ያንጎራጉራታል፤ የስልክ ጥሪ አድርጓታል። እማማ የሺ ፊልሙን ጉቲን ቪዲዮ ቤት ገብተው ካዩ በኋላ ለማንም ሙሾ አላወረዱም አሉ። በስንት ለቅሶ ቢለመኑ፣ እንቢ።

ባለፈው ወር ገለታ ደወለ። «ጋሽ ተካ፣ እማማ የሺን ስትሮክ መቷቸዋል። ድምፃቸው ሄዷል። ከመታመማቸው በፊት፣ ያ ጆሮው ላይ የሚደፋው ሰውዬ ልጄን ይዞብኝ ሄደ ሲሉ ነበር አሉ» አለኝ። ያልተቆረጠውን የቴፕ ክር በብስኩት ቆርቆሮ አስቀምጬው ኖሬያለሁ። አዲስ አበባ ወስጄ አንድ ሙዚቃ ቤት ወደ ፍላሽ አስገለበጥኩት፤ እዚያው አድሬም የነቀምቴን አውቶቡስ ያዝኩ።

ማክሰኞ

አውቶቡሱ በጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣ። እኛ ደብረ ብርሃኖች ብርድን እንደ ዘመድ ነው የምናየው፤ ሦስት ሹራብ ደርቤ ነበር። አምቦን ሳናልፍ አንዱን አወለቅኩ፤ ጌዶ ስንደርስ ሁለተኛውን። ከእኛ ገብስና ባዶ ሜዳ ለመጣ ሰው ያ ሁሉ አረንጓዴ መጀመሪያ ደስ ይላል፣ ቆይቶ ግን ዓይን ያደክማል፤ የሚያርፍበት ገላጣ ያጣል። አጠገቤ የተቀመጠችው ጊምቢ የምታስተምር መምህርት ነበረች፤ ቆሎዋን ከመዳፌ ሳታጎድል፣ ስለ ተማሪዎቿ ስንፍና እየነገረችኝ ነው የተጓዝነው።

ከጉደር በኋላ ረዳቱ ቴሌቪዥኑን ከፈተና የእኛን ፊልም አስገባ። ሌላ ፊልም ጠፍቶ! አውቶቡሱ ሁሉ ተነቃቃ፤ ተዋናዩ ሳይናገር ቃሉን የሚናገሩለት ነበሩ። ለቅሶው ሲደርስ ዝም አሉ። እማማ የሺ በስክሪኑ ላይ ደረታቸውን እየደቁ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ የእኔ ማሲንቆ መጣች፤ መንገደኛው በሙሉ፣ ሾፌሩም ጭምር፣ በአንድ ላይ አንጎራጎራት። መምህርቷ ዓይኗን ጠርጋ «ይቺ ቦታ እኮ ሁሌም ታስለቅሰኛለች» አለችኝና አየችኝ፤ «ጋሼ፣ እርስዎ አይወዱትም?» አለች። አፈርኩ። «ጆሮዬን ያመኛል» አልኳት።

አንድ ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን። ፈታሹ ትንሿን ድምፅ ማጉያዬንና ፍላሹን አገላብጦ «ውስጡ ምንድን ነው?» አለኝ። «ለቅሶ ነው» አልኩት። «የማን ለቅሶ?» «የአንዲት ሕፃን።» ፍላሹን እንደ ትኩስ ድንች መለሰልኝና «ነፍስ ይማር አባባ፣ ይለፉ» አለ። ስትሞት ማንም ነፍስ ይማር ያላላት ልጅ የመጀመሪያውን ከኬላ ጠባቂ አገኘች።

ባኮ ላይ ምሳ በላን። ማንጎው እንደ እኛ አገር በቁጥር አይሸጥም፤ በሳፋ ነው። ነቀምቴ መናኸሪያ ስንደርስ ገለታ ዣንጥላ ዘርግቶ ጠበቀኝ። ያ ቀጭን ማሲንቆ መቺ ወፍሯል፣ ሸብቷል፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኗል። «አካም ጅርታ፣ ጋሽ ተካ! ነጋዳ? ፈያዳ?» እያለ፣ በኦሮምኛ ደህንነቴን እየጠየቀ፣ እጄን ሳይለቅ በባጃጅ ባኬ ጃማ ወደሚገኘው ቤቱ ወሰደኝ። ባለቤቱ አዴ ለሊሴ አንጮቴ በቅቤ ሠርታ ጠበቀችን። አንጮቴ ከመሬት የሚወጣ ሥር ነው፤ የእኛ ሰው ቢያየው ድንች ነው ይላል፣ ቢቀምሰው ግን ይቅርታ ይጠይቃል። የገለታ የማዕድ ጸሎት ረጅም ስለነበር ሲያልቅ ምግቡ ቀዝቅዞ ነበር። አልጋቸውን ለቀውልኝ እነሱ ሳሎን ተኙ፤ ሆቴል እይዛለሁ ብዬ ብከራከር ለሊሴ ሻንጣዬን ደበቀችው።

ረቡዕ

ወደ ጉቲን የሚሄድ መኪና አልነበረም። አንዱ ሹፌር «መንገዱ ዛሬ ጥሩ አይደለም» አለ፤ ሌላው ምክንያቱን ስንጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ። እዚያ አገር ይህ በቂ መልስ ነው፤ ማንም ደግሞ አይጠይቅም። እኔ ግን ተቁነጠነጥኩ። አንዲት የታመሙ ሴት እየጠበቁ ቀን ማባከን ከበደኝ። ሃያ ዓመት ሳልመጣ ቆይቼ በአንድ ቀን መቁነጥነጤ ለእኔም ገረመኝ።

ገበያ ውስጥ ስንዞር ቅመም የምትሸጥ ሴት በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ ጨረሰችልኝ፤ ገለታ ደግሞ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ጨረሰላት። እንዲህ ሲነጋገሩ የአንዱ ቋንቋ የት ላይ እንዳለቀ ጆሮ አይለየውም። በመሃል የሴትየዋ ስልክ ጠራ። ያቺው ማሲንቆ! ገለታ መሬት መሬቱን አየ። 

ቤት ስንደርስ ወደ ዕቃ ቤት ወሰደኝና ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ማሲንቆ አሳየኝ። ጭራው የለም፤ ባዶ እንጨትና የደረቀ ቆዳ ነው።

«ጌታን ከተቀበልኩ ወዲህ ዘፈን ትቻለሁ» አለኝ። «ሰው ሁሉ ለእሱ ይመስለዋል። እውነቱን ልንገርህ? ለእሱ ብቻ አይደለም። በሄድኩበት ሠርግ ሁሉ ያቺን ምታልን ይሉኛል። ስመታት የእማማ የሺ አፍ ይታየኛል፤ ተከፍቶ፣ ድምፅ የሌለው። ጭራውን ቆርጬ ጣልኩት።»

«ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ አንተ ልጅ ነበርክ» አልኩት።

«ጣቱ የእኔ ነው፣ መቀሱ ያንተ፣ ትእዛዙ የዳይሬክተሩ። እሱ ሞቷል። የቀረነው እኔና አንተ ነን ኦቦሌሳ።»

ወንድሜ ማለቱ ነው። አቀፍኩት። ሁለት ሸበቶዎች ዕቃ ቤት ውስጥ ተቃቅፈን ስናለቅስ ለሊሴ ገብታ በሩን ዘግታልን ወጣች። ለምሳ የቀረበልኝ አንጮቴ በዘይት ነበር። ረቡዕ መሆኑን፣ ኦርቶዶክስ በመሆኔ እንደምጾም ማንም አልነገራትም፤ እሷ ራሷ አስባ ለእኔ ለብቻ ሠርታለች። በእኔ ቤት ጴንጤ እንግዳ ቢመጣ ይህን ያህል ይታሰብለት እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

ሐሙስ

በማለዳ አንድ ሚኒባስ ተገኘ። ገለታ አብሮኝ መጣ። ከኡኬ በኋላ መንገዱ ወደ ቆላው ሲወርድ ሙቀቱ ከታች ተነሥቶ ፊቴን መታኝ፤ የመጨረሻዋን ሹራብ ያወለቅኩት እዚያ ነው። አቧራው፣ ጉድጓዱ፣ የበቆሎ ማዳበሪያው፣ ጭኔ ላይ የተቀመጠችው የሰው ዶሮ፣ ይቅር። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ግማሽ መንገድ ላይ የድምፅ ማጉያዬን ቻርጀር ባኬ ጃማ፣ ገለታ ቤት እንደረሳሁት ታወሰኝ። ማጉያውን ብከፍተው አንድ ጊዜ ብልጭ አለና ጠፋ። ጉቲን ስንደርስ መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር።

እማማ የሺን ያገኘናቸው ከቤታቸው ደጅ፣ ማንጎ ሥር ፍራሽ ላይ ነው። የሚያስታምሟቸው ግድግዳ ለግድግዳ አርባ ዓመት የኖሩት ዘሐራ ናቸው፤ እሳቸውም የወሎ ሰው፣ ሙስሊም። እማማ የሺ መንምነዋል፤ ያ ደረት የሚደቃ ክንድ ቀጥኗል፣ አፋቸው ወደ ግራ ተጣሟል። ሲናገሩ ለእኔ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማኝ፤ ዘሐራ ግን አንድም አያመልጣቸውም።

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ደህና የሆነውን እጃቸውን አነሡና ጆሮዬን ያዙ፤ ማዳመጫው ይደፋበት የነበረውን። አወቁኝ።

«ይዘኸዋል ወይ? ትልሃለች» አሉ ዘሐራ።

«ይዤዋለሁ እማማ። መጀመሪያም ይዤው ነበር። የሸፈንኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

እማማ የሺ ለይቅርታው መልስ አልሰጡም። ባትሪ ያለው ማጉያ ለማስፈለግ ስልኬን ስነካካ እጃቸውን አወዛወዙ። ዘሐራ ጆሯቸውን ወደ እማማ የሺ አፍ አስጠግተው አዳመጡና ወደ እኔ ዞሩ። «ብቻዬን አልሰማም ነው የምትለው። ለቅሶ ለብቻ አይለቀስም። ሰው ይጠራልኝ፣ ድንኳን ይተከልልኝ፣ ልጄ እንደ ሰው ይለቀስላት ነው የምትለው።»

እኔ ፍላሽ አቀብዬ፣ ይቅርታ ተቀብዬ የምመለስ መስሎኝ ነበር። ሞኝ ነኝ።

ድንኳኑ የዕድሩ ነው፤ የዕድሩ ዳኛ ደግሞ አያ ሰይድ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ሰዎች ተሰብስበው ተከራከሩ። ደንቡ እዚህ ለሞተ፣ አሁን ለሞተ ሰው ነው። ሞላ የሚባል ቁጡ ሰውዬ ተነሥቶ «አርባ ዓመት ሊሆናት ነው እኮ! ለእሷ ከተከልን ለስንቱ ልንተክል ነው? የእኔም ወንድም እዚያው መንገድ ላይ ነው የቀረው፤ ማን ድንኳን ጣለለት?» አለ።   እኔ በውስጤ «አለቀ፣ አይሆንም» አልኩ፤ እማማ የሺም ሳይሰሙት ይሞታሉ ብዬ ፈራሁ።

አያ ሰይድ በበትራቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። «ወንድምህ ማን ነበር ስሙ?» አሉት።

«ተፈራ።»

«እንግዲያ ነገ ናና ተፈራን ጥራው። ወላሂ እኛ ሁላችን ተሳስተናል። ደረስን ብለን ደስ ያለን ጊዜ ለቅሶ መቀመጥ ነበረብን። ከጁምዓ መልስ ድንኳኑ ይወጣል። አብሽሩ።»

ያን ቀን ያረፍኩት አያ ሰይድ ቤት ነው። ዘሐራ ለእኔ ዶሮ ሊሠሩ ፈልገው፣ የሙስሊም እጅ ያረደውን እንደማልበላ ስለሚያውቁ ዶሯቸውን ታቅፈው ክርስቲያን ጎረቤት ፍለጋ ሄዱ፤ አሳርደው፣ ሠርተው አበሉኝ። እሳቸው አልቀመሱም፤ አይበሉትምና። ብሉ እንጂ ብዬ አላስቸገርኳቸውም። እሳቸው እኔን እንዳወቁልኝ እኔም ላውቅላቸው ይገባኛል።

ዓርብ

ድንኳኑ ተተከለ። የተቀቀለ ንፍሮ በሰፌድ ቀረበ፣ አግዳሚዎች ተደረደሩ፤ ሁሉም እንደ ትናንት ሞት ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። የቀረው ድምፅ ማሰሚያው ነበር። መብራት የለም፣ ማጉያዬ ሞቷል። ገለታ ወደ አስፋልቱ ሄዶ በፍላሽ የሚዘፍን ባጃጅ ይዞ መጣ። ባለባጃጁ ጌጣጌጡን ለመንቀል ጊዜ ስላጣ የፕላስቲክ አበባዎቹና የእግር ኳስ ተጫዋቾቹ ሥዕል እንደተለጠፉ ባጃጇን ወደ ድንኳኑ አፍ አስገባት። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ፍላሹን ሰካሁት።

እማማ የሺን ደግፈው አስቀመጧቸው። ድምፃቸው ከባጃጇ ወጣ፤ የያኔው፣ ሙሉው፣ ደረት የሚሰነጥቀው።

«መኪናው ሲቸኩል ሰው ጣለ በመንገድ፣»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ፊልሙን ያውቀዋል። ቀጥሎ ማሲንቆዋ እንደምትመጣ ያውቃል። ሳያስቡት፣ በልማድ፣ አፋቸውን ገጥመው ማንጎራጎር ጀመሩ። ማሲንቆ ግን አልመጣም።

«አንጓች ልጄ ተነሽ ቆላውን እንውረድ።»

እንጉርጉሮው እንደተጀመረ ቆመ። ዘወር ብለው እማማ የሺን አዩ። ሃያ ዓመት ሲያንጎራጉሩት የኖሩት ነገር ምን ላይ ተደፍቶ እንደነበር ያን ጊዜ ገባቸው። አንዲት ሴት «ወይኔ!» ብላ ራሷን ያዘች። ድምፁ ቀጠለ።

«ለሰው ሁሉ አልቅሼ ደረቴን ደቅቼ፣
አንጓች ላንቺ ብቻ ኖርኩ አፌን ዘግቼ።»

አሁን ሴቶቹ ተቀበሉ። «አንጓች! አንጓች!» እያሉ ደረታቸውን ደቁ። ዘሐራ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው መሃል ገቡ። ዘፈን የተወው፣ ሙሾም በቤተ ክርስቲያኑ የማይወደድለት ገለታ፣ ቆሞ ስሟን እየጠራ በኦሮምኛ ያለቅስ ነበር። እማማ የሺ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ ከባጃጇ የሚወጣው ድምፅና የእሳቸው ከንፈር ቃል በቃል ይገጥም ነበር። እኔ በሥራዬ ዘመን ሁሉ ድምፅና አፍ ሳገጣጥም ኖሬያለሁ፤ እንዲህ ሲገጥም አይቼ አላውቅም።

ድምፁ ሲያልቅ ሞላ ተነሣ። «ተፈራ!» ብሎ ጮኸ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «እናቴ፣ ዘርፌ!» አሉ። አንዲት አሮጊት የሦስት ልጆች ስም ጠሩ። ከዚያ በኋላ የተጠራውን መቁጠር አልቻልኩም። ሕዝቡ ያን መንገድ መልሶ የሄደው ይመስለኛል። እየጠራ፣ የጣለውን እያነሣ።

ሲረጋጋ ሰዉ ተራ በተራ እየመጣ እማማ የሺን «እግዜር ያጥናሽ» አላቸው፤ ሙስሊሞቹ «አላህ ያጽናሽ»። የእኔ ተራ ሲደርስ ዘሐራ እጄን ያዙ። «ይቅርታህን ሰምቻለሁ ትልሃለች። ንፍሮህን ብላ ትልሃለች።» በእፍኛቸው ያነሡትን ንፍሮ እማማ የሺ በራሳቸው እጅ አጎረሱኝ። ጨው ረስተውበታል። እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር ግን አላስታውስም።

ቅዳሜና እሑድ

ፍላሹን ለዘሐራ ትቼ ቅዳሜ ወደ ነቀምቴ ወጣን። ለሊሴ በሩ ላይ ቆማ የባሏን ፊት አየችና «ፈያዳ?» አለችው። «ጋሪዳ» አላት፣ ደህና ነኝ ማለት ነው። እሑድ ጠዋት ሲሸኘኝ እጁ ላይ የፈረስ ጭራ ጥቅል አየሁ። «ለምንድን ነው?» ስለው «ለመዝሙር ነው» አለኝ፣ አፈር እያለ።

የመልሱ አውቶቡስ ሌላ ነው፣ ረዳቱም ሌላ፤ ፊልሙ ግን ያው። ባኮን አልፈን ለቅሶው ደረሰ። እማማ የሺ በስክሪኑ ላይ አፋቸውን ከፈቱ፣ ማሲንቆዬ መጣች፣ መንገደኛው ማንጎራጎር ጀመረ። እኔ ዓይኔን ወደ መስኮት አላዞርኩም። ማሲንቆዋ በመጣችበት ቦታ ሁሉ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «አንጓች» አልኩ። ሁለት ጊዜ። ሰዎች ዞር ብለው አዩኝ፤ ሽማግሌው ጃጅቷል ሳይሉ አልቀሩም።

አጠገቤ ልጅ የታቀፈች ሴት ነበረች። «አባባ፣ ማን ናት አንጓች?» አለችኝ።

«እዚህ ቦታ ላይ የሚለቀስላት ልጅ ናት» አልኳት፤ «ስድስት ዓመቷ ነበር።» ጭነት መኪና ላይ እንዴት እንደሞተች፣ ማን እንደሸፈናት ነገርኳት።

ሴትየዋ የታቀፈችውን ልጅ ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች። ሦስተኛዋ ማሲንቆ ስትመጣ አላንጎራጎረችም። «አንጓች» አለች፣ በቀስታ፤ ቀጥላም «ነፍስ ይማር» አለች።